ግማሹን የላክሁበት ሰኔ ሠላሳ

ባለፈው ቅዳሜ የትምህርት ቤታችንን አሮጌ መዝገብ ቤት ልናጸዳ አራት መምህራን ገባን። በሩ ገና ሲከፈት የተቀበለን ሽታ ያው የድሮው ነበር፦ የእስክሪብቶ ቀለም፣ የአይጥ፣ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር የራሰና መልሶ የደረቀ የሮስተር ወረቀት። ሮስተር የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ላስረዳ፤ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስም ወደ ታች፣ የየትምህርቱ ውጤት ወደ ጎን የሚሰፍርበት፣ ጠረጴዛ የሚያክል ትልቅ ወረቀት ነው። ድምሩ፣ አማካዩና ደረጃው በስተቀኝ ይገባሉ፤ መጨረሻው አምድ ላይ «ተዛውሯል» ወይም «ደግሟል» ይጻፋል። አንዱን ጥቅል አንሥቼ አቧራውን ስነፋ የጋሽ ተክሌን የእጅ ጽሑፍ አየሁ፤ ሰባት ቁጥራቸው እንደ መጥረቢያ ወደ ፊት ያዘነብላል። ጓደኞቼ ካርቶን እየተሸከሙ ሲወጡና ሲገቡ እኔ መስኮቱ ሥር እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

ገና ሽማግሌ አይደለሁም፤ በኮምፒዩተር ዘመን አቆጣጠር ግን እንደ አዛውንት ብቆጠር አይደንቅም። መሐል ሜዳ ከተማ መጥቼ ማስተማር ስጀምር መናኸሪያው አጠገብ ሻይ በሁለት ብር ይጠጣ ነበር። ከሻይ ቤቷ ማዶ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች፤ ባለቤቱ በሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ይሞላል። አምስት ብር የሰጠ ሰው ስልኩን እስኪያስጨንቅ ድረስ ይሞላለት ነበር፤ ግማሹ የማሲንቆ፣ ግማሹ ወጣቱ የሚወደው። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ረዳት እየተጣራ፣ ሱቁ ዘፈኑን እየለቀቀ፣ ጉም ከላይ ወርዶ ሁለቱንም ሲሸፍናቸው ድምፁ ብቻ ይቀራል። ተማሪዎቹ ክርናቸው ላይ የተጣፈ ሰማያዊ ሹራብ ይለብሳሉ፤ ከገጠር የመጡት በላዩ ላይ ጋቢ ይደርባሉ። እኔ ከልባሽ ተራ የገዛኋት ቡናማ ኮት ነበረችኝ። እጅጌዋ ይረዝመኝ ስለነበር አጥፌ ነበር የምለብሳት፤ የውስጥ ኪሷ ግን የፍላሽ ማደሪያ ነበር። ያን ጊዜ ፍላሽ ይዞ የሚሄድ ሰው የቢሮ ቁልፍ የያዘ ያህል ይከበራል። መምህራኑ «ኮምፒዩተር» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ ስሜ እስኪረሳ ድረስ።

ጋሽ ተክሌ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንገታቸው ላይ የሱፍ ሻርፕ የሚጠመጥሙ ሰው። ሮስተር የሚመረምሩበት ዘዴ ነበራቸው። ከብስኩት ካርቶን ረጅም ቁራጭ ይቆርጡና መሐሉን እንደ መስኮት ይቀዱታል። ወረቀቱ ላይ ሲያስቀምጡት የአንድ ተማሪ መስመር ብቻ ይታያል፤ የላዩም የታቹም ይሸፈናል። ከዚያ አንድ ሰው ያነባል፣ እሳቸው ይደምራሉ።

«ይህን ሁሉ መሸፈን ለምን አስፈለገ ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዓይን ሌባ ነው» አሉኝ፣ ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ። «እዚህ የጎደለውን ከጎረቤት ሰርቆ ይሞላልህና ‘ሙሉ ነው’ ብሎ ያስምልሃል። የምትመረምረውን ብቻውን አቁመው።»

ሳቅሁ። ለእኔ ይህ የካርቶን ዘመን ጥበብ ነበር። ሥራው አድካሚ መሆኑን አይቼ፣ ሮስተሩን ደምሮ፣ አማካዩን አውጥቶ፣ ካርድ የሚያትም ፕሮግራም ከጥር ጀምሬ ስጽፍ ከርሜ ነበር። ርእሰ መምህሩ ለሰኔ ፈቀዱልኝ። «አንድ ጊዜ እንሞክረው፤ ካበላሸ ወደ እጅ እንመለሳለን» አሉ። ጋሽ ተክሌ ሻርፓቸውን አጠበቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ሳላስረዳ ማለፍ እንደማይሆንልኝ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ያደረገውን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግብለት ጊት የሚባል መሣሪያ አለ። አንድ ለውጥ በመዝገቡ ሲገባ ኮሚት ይባላል። ሌላ ኮምፒዩተር ላይ የሚደርሰው በመዝገቡ የገባው ብቻ ነው፤ ሳይመዘገብ በእጅ ያለው ጅምር ሥራ ከጸሐፊው ኮምፒዩተር አይወጣም። ጊት ደግሞ አንድ ደግነት አለው። በአንድ ፋይል ውስጥ ያለቀና ያላለቀ ሥራ ከተቀላቀለብህ፣ ለውጦቹን ቁራጭ በቁራጭ እያሳየ «ይህ ይግባ?» ብሎ ይጠይቅሃል። ያለቀውን «አዎ»፣ ያላለቀውን «አይ» እያልክ ከፊሉን ብቻ ታስመዘግባለህ። ይህ ደግነት እንደ ማንኛውም ደግነት አደጋ አለበት፤ አደጋውን ግን ያኔ አላወቅሁትም።

እኔ ዘንድ ሁለት ሥራ ተቀላቅሎ ነበር። አንደኛው ያለቀ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች በሕመም ምክንያት ከስፖርት ትምህርት ነፃ ይሆናሉ፤ የስፖርት ቦታቸው ባዶ ይተዋል። ስለዚህ ድምራቸው መካፈል ያለበት ለአሥራ አንድ ሳይሆን ለአሥር ነው። ፕሮግራሙ ተማሪው የተማረውን ብቻ ቆጥሮ እንዲያካፍል አስተካከልኩ። ሁለተኛው ያላለቀው ነው፤ እኩል ያመጡ ተማሪዎች ደረጃ እንዴት ይሰጣቸው የሚለውን ጀምሬ መሐል ላይ ተሰናክዬ ነበር። ካርድ የሚታተምበት ቀን ሲደርስ ያለቀውን ልላክ፣ ያላለቀው ይቆየኝ አልኩና ቁራጮቹን «አዎ፣ አዎ፣ አይ፣ አይ» እያልኩ መረጥኩ። ከዚያ ፕሮግራሙን ላፕቶፔ ላይ ፈተንኩት። ለሙከራ ያዘጋጀኋቸው አምስት ተማሪዎች ነበሩኝ፤ አንዱ ስፖርት የሌለው። ሁሉም ትክክል ወጡ። ኮሚት አደረግሁ፣ በፍላሽ ይዤ ወደ መዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ወሰድኩ። ካርዶቹ ታተሙ። ማተሚያው ሲያጉረመርም ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም።

ሰኔ ሠላሳ ጠዋት ካርድ ተሰጠ። ወላጆች ከየአቅጣጫው መጥተው ነበር፤ ከዘመሮ በመኪና የመጡ አሉ፣ ከጓሳ በኩል በፈረስ የወረዱ አሉ። ባና የደረቡ አባቶች አጥሩ ሥር በተርታ ተቀምጠዋል፤ ካፊያው ሱፉን አርሶት ግቢው ሁሉ በግ በግ ይሸታል። እኔ መምህራን ማረፊያ ነበርኩ። ርእሰ መምህሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በሦስት ቀን ፋንታ በግማሽ ቀን!» ሲሉኝ ኮቴ ጠበበችኝ። ወደ አምስት ሰዓት ላይ ሰዉ ሲቀንስ መዝገብ ቤት ገባሁ። ጋሽ ተክሌ የታተመውን ሮስተር ዘርግተው፣ ያችን የካርቶን መስኮታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል።

«መምህር፣ ይቺ የአቶ ሽፈራው ልጅ ወደቀች እንዴ?»

እታፈራሁ ሽፈራው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከጓሳ አካባቢ መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ከቤቷ እየተሸከመች የምትማር። እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ትንሽ ታነክሳለች።

«ማሽኑ ካለ ወድቃለች ጋሼ።»

«ማሽኑ ያለውንማ አነበብኩት። አንተ ምን ትላለህ ነው የምልህ።»

መስመሩን አየሁት። ድምር አምስት መቶ ሃያ። አማካይ አርባ ሰባት ነጥብ ሦስት። ደግማለች። ስፖርት የሚለው ቦታ ላይ ዜሮ።

«ለአሥር ሲካፈል ሃምሳ ሁለት ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ በጸጥታ። «ማለፊያው ሃምሳ ነው።»

«ጋሼ፣ እሱን እኮ አስተካክያለሁ! ፈትኜዋለሁ!» ላፕቶፔን አውጥቼ፣ የልጅቷን ውጤት አስገብቼ አሳየኋቸው። ሃምሳ ሁለት። ተዛውራለች። ጋሽ ተክሌ ወደ ላፕቶፑ አዩ፣ ወደ ቢሮው ኮምፒዩተር አዩ።

«አንድ ፕሮግራም ነው ሁለቱም?»

«አንድ ነው።»

«እንግዲያ አንዱ ከጎረቤቱ ሰርቋል።»

ላፕቶፔን ወደ ራሴ አዞርኩ። «አይ» ብዬ ያስቀረሁትን ቁራጭ ገልጬ አየሁት። መሐሉ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ ባዶ ቦታን እንደ ዜሮ ሳይሆን እንደ ባዶ አንብብ የምትል። የአማካዩ ማስተካከያ ያለሷ አይሠራም። እኔ ግን ካላለቀው የደረጃ ሥራ ጋር ተጣብቃ ስላገኘኋት አብሬ አስቀርቻታለሁ። ላፕቶፔ ላይ ስፈትን ያስቀረኋት መስመር እዚያው ነበረች፤ የተፈተነው የላክሁት ሳይሆን እኔ ዘንድ ያለው ሙሉው ነው። ቢሮው የደረሰው ግማሹ ብቻ ነው። ግማሹን ብቻውን ማንም አልፈተነውም።

ዛሬ ለተማሪዎቼ ይህን ሳስተምር ጠመኔ እሰብራለሁ። ከፊሉን ልትመዘግቡ ነው? እሺ፣ ምረጡ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ያልመረጣችሁትን ሁሉ አንሥታችሁ ወደ ጎን አስቀምጡ፤ ጊት ራሱ የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው፣ አይጠፋም። አሁን በፊታችሁ የቀረው ሊላክ ያለው ብቻ ነው። እሱን ፈትኑ። ከቆመ መዝግቡ፣ ከዚያ ጅምሩን መልሳችሁ አምጡ። ካልቆመ የጎደለችውን መስመር ፈልጉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም እላቸዋለሁ። ልጆቹ ይጽፋሉ፤ የሁለት ደቂቃን ዋጋ ግን ገና አያውቁም። አሁንማ ኢንተርኔቱም መብራቱም ከያኔው ይሻላል፣ እያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ያኔ ትምህርት ቤቱ ከነበረው ኮምፒዩተር የሚበልጥ ስልክ አለ። ቢሆንም በየዓመቱ አንዱ ተነሥቶ «ቲቸር፣ እኔ ጋ ይሠራል እኮ!» ይለኛል፤ እኔም ያንን ቀን አስታውሳለሁ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ጋሽ ተክሌ ባዶ ካርድ አውጥተው በእጃቸው መጻፍ ጀምረው ነበር። እኔ ኪቦርዱ ላይ ተጎንብሼ መስመሯን ልጨምር ስጣደፍ «ማሽኑ የትም አይሄድብህ» አሉኝ። «ልጅቷ ግን እየሄደች ነው። አባቷን ጠዋት ሰምቼዋለሁ፤ ‘ካለፈች ትማር፣ ከወደቀች ዕቃዋን ጭነን እንመለሳለን’ ብሎ ነው የመጣ። የዚህ ሰው ቃል እንደ አንተ ፕሮግራም አይደለም።» ማኅተሙን መቱና ካርዱን ሰጡኝ።

ተከራይታ ወደምትኖርበት ቤት ሮጥኩ። አከራይዋ በር ላይ ቆመው ጭቃ እየጠረጉ ነበር። «አሁን ነው የወጡ፤ ልጂቱ እንዲያው እንባዋን ዋጥ አድርጋ...» ሲሉኝ መጨረሻውን አልሰማሁም። በጓሳ መውጫ መንገድ፣ የከተማው የመጨረሻ ቤቶች የድንጋይ አጥር ባለቀበት ቦታ ላይ ደረስኩባቸው። አንድ ቀይ ፈረስ፤ በላዩ የታጠፈ ፍራሽ፣ ሳጥን፣ ጀሪካን፣ ባናው ከላይ በገመድ ታስሯል። አቶ ሽፈራው ልጓም ይዘው ይመራሉ። እታፈራሁ ከኋላ ታነክሳለች፤ የደብተር ከረጢቷን ግን ፈረሱ ላይ አልጫነችውም፣ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ጋሼ፣ ይቁሙ!»

ቆሙ። ትንፋሼን እስክሰበስብ ጠበቁኝና «ምነው መምህር፣ የረሳነው ዕቃ አለ?» አሉ።

«እታፈራሁ አልፋለች። ካርዱ ተሳስቶ ነው። ይኸው ትክክለኛው።»

ካርዱን አልተቀበሉም። ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። ጭቃ እስከ ጉልበቴ ደርሷል።

«ጠዋት ወደቀች፣ ቀትር ላይ አለፈች። ስታለቅስ አይታችሁ አዝናችሁላት ነው?»

«አይደለም ጋሼ!»

«እኔ በምልጃ የሚያልፍ ልጅ አልፈልግም። እግሯን አይታችሁ ራርታችሁላት ከሆነ ዘንድሮ አልፋ በዓመቱ ትወድቃለች። አሁን በአንድ ፊት ይለይላት።» ልጓሙን ሳብ አደረጉ።

«አባ» አለች እታፈራሁ፤ ድምጿ ቀጭን ነበር። «እስኪ ይንገረን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ማሽኑን ሳትፈትነው ነው ካርድ ያወጣህበት?»

እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ስለ ቁራጭ፣ ስለ ኮሚት፣ ስለ ባዶና ዜሮ ልዩነት ማስረዳት ጀመርኩ። አቶ ሽፈራው በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ሆኖም ዓይናቸው ላይ አንድም ነገር እንዳልደረሰ አየሁ። ማስረዳት የምወድ ሰው፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ማስረዳት ግድ ሲሆንብኝ አፌ ተሳሰረ። በመጨረሻ የኮቴን እጅጌ ሰብስቤ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ፤ አሥራ አንድ ጠጠር ለቅሜ ድንጋይ ላይ ደረደርኩ።

«ጋሼ፣ አሥራ አንድ ትምህርት አለ። እታፈራሁ ከአንዱ ነፃ ናት፤ ስፖርት አትሠራም። አሥሩን ነው የተማረችው። በአሥሩ ያመጣችው አምስት መቶ ሃያ ነው። እታፈራሁ፣ ካርድሽ ላይ ያለውን ደምሪው፣ እኔን አትመኚ።»

የጠዋቱን ካርድ ከረጢቷ ላይ አስደግፋ በጣቷ እየነካች ደመረች። «አምስት መቶ ሃያ ነው አባ።»

«እኔ ያጠፋሁት» አልኩ፣ አሥራ አንደኛዋን ጠጠር ለብቻዋ ፈቀቅ አድርጌ፣ «ይቺንም ቆጥሬ ለአሥራ አንድ ማካፈሌ ነው።»

አቶ ሽፈራው ጎንበስ ብለው ጠጠሮቹን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ፈረሱ ራሱን ነቀነቀ።

«ደቦ ጠርቼ አሥር ሰው መጣ፣ አንዱ በሕመም ቀረ እንበል» አሉ ቀስ ብለው። «አሥሩ ያጨዱትን ገብስ ለአሥራ አንድ ሰው አካፍለህ ስታበቃ፣ ‘እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ናቸው፣ የአንዳቸው ሥራ አነሰ’ አልክ።»

«እሱን ነው ያደረግሁት።»

«ያልመጣውን ሰው ለምን ቆጠርከው?»

«ሳላየው ነው። ግማሹን ሥራ ልኬ፣ የፈተንኩት ሙሉውን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የማሽኑም አይደለም፣ የእሷም አይደለም።»

ቀና አሉ። ፊታቸው አልፈካም፣ አልተቆጣምም፤ የተጠራጠሩትን ነገር መዝነው የጨረሱ ሰው ፊት ነበር። ካርዱን ከእጄ ወስደው ለልጃቸው ሰጧት። «አንብቢው።»

«ተዛውራለች ይላል።»

«በጋሽ ተክሌ እጅ ነው የተጻፈው» አልኩ።

«የተክሌን እጅማ አውቀዋለሁ፤ እኔንም ተማሪ ሳለሁ ጽፎኛል።» ወደ ፈረሱ ዞረው የባናውን ገመድ መፍታት ጀመሩ። እታፈራሁ በሌላው ጎን ሄዳ ቋጠሮውን ያዘች፤ እሷ የያዘችው ሳይፈታ የአባቷ ቀድሞ ተፈታ። ልረዳ ብዬ ወደ ሳጥኑ እጄን ስዘረጋ አቶ ሽፈራው በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ተወው፣ እኛ እናወርደዋለን። አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ላግዛችሁ ብዬ...»

«ከስፖርት ነፃ የሆነው የእኔ ልጅ ብቻ ነው?»

ሮስተሩ ላይ ከስፖርት ነፃ የሆኑ ሌሎች ተማሪዎችም ነበሩ። ስንት እንደሆኑ አላውቅም ነበር።

«አይደለም ጋሼ።»

«እንግዲያ በሌላ መንገድ ላይም አንድ አባት ፈረስ እየጎተተ ነው» አሉ። «ሂድ፣ ሩጥ።»

የመጣሁበትን ዳገት በዚያች ረጅም እጅጌ ኮት ወደ ታች ሮጥኩ። እንደ እሷ በስህተት የወደቁ ሌሎች ሁለት ልጆች ነበሩ።